እርሳስ የሌለው ጥይት

ወጣቱ ሐኪም የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባት፣ ማነው የተኮሰብዎ?» አላቸው።

አባቴ ሁለት ቀን ሙሉ ቀኝ ጎናቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ነበር። ከይጁቤ እስከ ደብረ ማርቆስ በሚኒባስ ስናመጣቸው አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ይህን ሲሰሙ ግን ሕመሙን ረስተው ከአልጋው ቀና አሉ።

«በኔ ላይ? በኔ ላይ ማን ይተኩሳል? ደም የለብኝ፣ የድንበር ጠብ የለብኝ!»

«እንግዲያ ይኼ ምንድን ነው?» ሐኪሙ በጣቱ አሳየን። ከዳሌያቸው አጥንት ከፍ ብሎ፣ በግራጫው ጥላ መሀል፣ ነጫጭ ክብ ነጥቦች አንድ ቦታ ተከማችተዋል። ከጎመን ዘር ትንሽ ተለቅ ይላሉ።

እኔ ወዲያው አወቅኋቸው። የአባቴ የቆቅ ጥይት ፍሬዎች ናቸው። የአልጋውን ብረት ይዤ ለሐኪሙ ነገርኩት።

አባቴ ገበሬ ናቸው። ከይጁቤ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ላይ ጤፍና ሽምብራ ያርሳሉ። ከአባታቸው የወረሱት፣ ፈቃድ የወጣለት፣ ባለሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ነበራቸው። የእሱ ጥይት እንደ ክላሽ አንድ አረር አይደለም፤ ሲተኮስ ብዙ ጥቃቅን ፍሬ ይበትናል። ባዶውን ቀለሃ አባቴ አይጥሉትም። ከአሮጌ የመኪና ባትሪ የወጣ እርሳስ አቅልጠው፣ ፍሬ ሠርተው መልሰው ይሞሉታል። ከሽምብራው ዳር ካለው ቁጥቋጦ ቆቅ ሲነሣ ይተኩሳሉ፤ ከዚያ ነፍሱ ሳትወጣ ለመድረስ ቢላዋቸውን ይዘው ይሮጣሉ። በስመ ሥላሴ ተብሎ ሳይታረድ ከሞተ በክት ነው፤ አይበላም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ስለሆኑ፣ ቆቅ የቀናቸው ቀን ቤታቸው ሰው ያለበት ይመስላቸው ነበር።

ያኔ አገሩ ሰላም ነበር። ከሸንተረሩ ማዶ ተኩስ ሲሰማ ሰው «ዛሬ ለማን ቀናው?» ይላል እንጂ በሩን አይዘጋም።

እኔ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን ካረገዝኩ አራት ወር ሆኖኝ ነበር። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ በቅበላው ሰሞን፣ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሦስት ቀን ቆቅ በልቻለሁ። «መረቁ ለጽንስ ይስማማል» እያሉ ከራሳቸው ቀንሰው አጎረሱኝ። አንዷን ፍሬ ነክሼ ጥርሴ ቀጭ ሲል ሁለታችንም ሳቅን። ስንቷን ሳልነክስ እንደዋጥኩ ማን ያውቃል?

ራጁ በታየበት ዕለት የአባቴ ትርፍ አንጀት በቀዶ ሕክምና ወጣ። በማግሥቱ ሐኪሙ በትንሽ ጠርሙስ አሥራ አራት ፍሬ ይዞልን መጣ።

«እርሳስ ነው» አለ። «ከሥጋው ጋር እየተዋጠ ትርፍ አንጀት ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። እዚያ ተቀምጦ ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል። ይሄ ድካም፣ ይሄ የሆድ ድርቀት ስንት ጊዜዎ ነው?»

«እርጅና ነው ብዬ» አሉ አባቴ።

«ከዚህ ሥጋ ሌላ ማን ይበላ ነበር?» ብሎ ጠየቀና፣ መልስ ሳይጠብቅ ሆዴን አየ። አባቴም ዓይኑን ተከትለው ሆዴን አዩ። ወዲያው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ልጁን ምን ያደርገዋል?» አልኩ።

«ብዙ ከሆነ አእምሮውን ሊጎዳ ይችላል። ብዙ መሆን አለመሆኑን ግን ገና አላወቅንም። ደምሽን እንይ። ምርመራው እዚህ ስለማይሠራ አዲስ አበባ እንልከዋለን።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር እኔ ጋ የቀረችው «አእምሮውን» የምትለዋ ብቻ ነች። ቤቴ እስክገባ እሷን ይዤ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ ስናገር ሰው ያጋነንኩ ይመስለዋል። የማስተምረው ሦስተኛ ክፍል ነው። ሕፃናቱ «ቲቸር፣ እርሳሴ ተሰበረ» ሲሉኝ ሳላስበው ሆዴን በእጄ እሸፍናለሁ። የሚጻፍበት እርሳስ ከስሙ በቀር እርሳስ እንደሌለበት አውቃለሁ፤ ራሴ አስተምሬዋለሁ። ግን አንዲት ልጅ ጫፉን ስታኝክ ሳይ ከአፏ ነጥቄ ጣልኩባት። ልጅቷ ደንግጣ አለቀሰች። ዕረፍት ሰዓት ላይ ሽንት ቤት ገብቼ እኔም አለቀስኩ።

ጽንሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ባለቤቴ በደስታ እጁን ሆዴ ላይ አሳርፎ ይስቃል። እኔ እቆጥራለሁ። ትናንት ስንት ጊዜ ነበር? ዛሬ ለምን አነሰ? እንቅስቃሴው ሲበዛ ደግሞ ሕመም ይመስለኛል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ከተናገርኩት እውነት የሚሆን መስሎኝ ፈራሁ።

አባቴ ቁስላቸው እስኪጠግግ እኛ ቤት ሰነበቱ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ «አባባ፣ ይኼን ነገር ቢተዉት ምን ይቀርብዎታል?» አልኳቸው።

«ምን ይቀርብዎታል ትለኛለች!» አሉ፣ አጠገባችን ሦስተኛ ሰው ያለ ይመስል። «ሰውነቴ ነው የሚቀርብኝ። ከዚያ ሌላ ምን አለኝ? እናትሽ የለች። እናንተ ከተማ ናችሁ። ማታ ማታ ጠመንጃዬን ይዤ በድንበሩ ስዞር ነው ሰው ነኝ የምለው።»

«እኔስ? ይኼ ልጅስ?»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «መርዝ የሌለው ጥይት የለም ወይ? ፈረንጅ ይኼን ሁሉ ነገር ሲሠራ ያን አጥቶት ነው?» አሉ።

ጥያቄውን ይዤ ለታናሽ ወንድሜ ደወልኩ። እሱ አዲስ አበባ ነው፤ ለአደን የሚመጡ የውጭ ሰዎችን የሚያጓጉዝ ሹፌር ነው። «አለ» አለኝ ወዲያው። «አንዳንዶቹ በአገራቸው እርሳስ ስለተከለከለ የብረት ፍሬ ነው የሚተኩሱት። አንዱ ሲመለስ የተረፈውን ለኛ ትቷል። አለቃዬን ጠይቄ ለፋሲካ ይዤላቸው እመጣለሁ።»

ለፋሲካ አባቴ ቤት ተሰበሰብን። ወንድሜ ቀለሃቸው ፕላስቲክ የሆነ አረንጓዴ ጥይቶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። አንዱን በቢላ ሰንጥቆ ፍሬውን ሰሃን ላይ አፈሰሰው። ከእርሳሱ ይልቅ ያበራል። እኔ ከትምህርት ቤት ማግኔት ይዤ ሄጄ ነበር። ሳስጠጋው ፍሬዎቹ እየዘለሉ ተለጠፉበት። በጠርሙስ የያዝኳቸው፣ ከአባቴ ሆድ የወጡት ፍሬዎች ግን ንቅንቅ አላሉም። በዚያች ሰዓት ማግኔቱን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

አባቴ አንዷን ፍሬ አንስተው በክራንቻቸው ነከሷት። እርሳስ ሲነከስ የጥርስ ምልክት ይቀርበታል። ይቺን አገላብጠው አዩና፣ «በማርያም! ጥርስ አትቀበልም እኮ። ድንጋይ ናት» አሉ። ሳቅን። ወንድሜ፣ «ጠመንጃው አሮጌ ስለሆነ ሉማሜ ላይ አንድ ጠመንጃ አዋቂ ሽማግሌ አሉ፤ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አላቸው፤ አንድ ቀን ብናሳያቸው ጥሩ ነው» አለ። እኔም «እሺ» አልኩ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ጆሮዬ አልሰማም። መርዝ የለውም የሚለውን ሰምቻለሁ፤ ሌላው አላስጨነቀኝም። የቀረውን የእርሳስ ጥይት ሁሉ በፌስታል ጠቅልዬ ቆጥ ላይ ያስሰቀልኩት፣ አረንጓዴዎቹን በአባቴ መዳፍ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

በዓለ ሃምሳ አጋማሽ ላይ የደም ምርመራዬን ውጤት ለመስማት አዲስ አበባ ተጠራሁ። ሰባት ወሬ ነበር። ባለቤቴ ፈተና ስለነበረበት ብቻዬን ሄድኩ። ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ፣ «በደምሽ ውስጥ አለ። መድኃኒት የሚያስፈልገው ያህል ግን አይደለም። ከእንግዲህ እንዳይጨመርበት። ወተት ጠጪ፣ አትክልት ብዪ። ልጁ ሲወለድ የእሱንም ደም እናያለን» አለችኝ። ከኔ ጋር የተላከው የአባቴ ደም ውጤት ከኔ በጣም ይበልጣል፤ ፍሬው ከሆዳቸው ስለወጣ ግን እየቀነሰ ይሄዳል አለች። ይቺን ይዤ በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የአባይን በረሃ ወርደን እስክንወጣ «ያህል አይደለም» የሚለውን ስደጋግም ነበር። ግማሹ ልቤ ያርፋል። ግማሹ ደግሞ፣ «አለ» ብላለች እኮ ይላል።

ስድስት ሰዓት ላይ ሉማሜ ለምሳ ቆምን። ምግብ አላሰኘኝም። ሻይ ልጠጣ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ቤት ስገባ፣ ግድግዳው ላይ ጠመንጃ የያዘ ወጣት ከፈረንጆች ጋር ቆሞ የተነሣውን ፎቶ አየሁ። ወንድሜ ያለኝ ትዝ አለኝ። ባለቤቱ ነጭ ሪዛም ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታ ሰጥቼ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ተናግሬ፣ ለወሬ ያህል ነገሩን አነሣሁላቸው።

መጀመሪያ ፈገግ ብለው ነበር የሚሰሙኝ። «የብረት ፍሬ» ስል ፈገግታው ጠፋ።

«ጠመንጃው የማን ዘመን ነው?»

«የአባታቸው ነበር።»

«ሲወለውሉት አይተሻል? ጨርቁ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይይዝባቸዋል?»

«አዎ፤ ሁልጊዜ እዚያ ጋ ሲደርሱ በኃይል ነው የሚገፉት።»

ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። «ስሚኝ ልጄ። እርሳስ ለስላሳ ነው። ጫፉ ላይ ጠባብ በር ሲያገኝ ተጨማዶ፣ ተጠጋግቶ ያልፋል። ብረት አይጨማደድም። ለሱ የተሠራ ጠመንጃ አለ፤ ያባትሽ ግን አይደለም። አንዴ ተኩሰው ምንም ላይሆን ይችላል። አንዴ ደግሞ አፈሙዙ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ግራ እጅ ያለው እዚያው ነው፤ ፊትም ሩቅ አይደለም። ተኩሰውበታል?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያ ሻይሽን ተዪውና ሂጂ።»

ስልክ ሞከርኩ። አባቴ ያሉበት ቦታ ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። «የደወሉላቸው ደንበኛ…» ስትል ዘጋሁት፤ ደግሜ ደወልኩ፤ ደግሜ ዘጋሁት። ደብረ ማርቆስ ወርጄ ቤቴ ሳልገባ የይጁቤ ሚኒባስ ያዝኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቀ። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ሲጮህ እኔ ውስጤ ሌላ ነገር ይጮኻል። ቆቅ ከቁጥቋጦው የሚወጣው ፀሐይ ሲበርድ ነው። አሥር ሰዓት ላይ። ሰዓቴን አየሁ፤ ስምንት አልፏል።

ይጁቤ ስወርድ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። የአንድ ሰዓት መንገዱን ጀመርኩት። መሮጥ አልችልም፤ መቆምም አልችልም። ሆዴን ከሥር በሁለት እጄ ደግፌ የእርሻውን ድንበር ድንበሩን ሄድኩ። ልጁ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር። እሱን ልጎዳው እችላለሁ ብዬ ቆም እላለሁ፤ ከዚያ አባቴን አስባለሁና እቀጥላለሁ። መርዙን ከሆዳቸው ያወጣው ሐኪሙ ነው። ይኼኛውን እጃቸው ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ቤታቸው ሊታየኝ ሲል ተኩሱን ሰማሁ።

የአባቴን ጠመንጃ ድምፅ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ይኼ እሱ አልነበረም። ደረቅና የተሰበረ ድምፅ ነው። ወትሮ አንዱ ከተተኮሰ ሁለተኛው ይከተላል፤ ከዚያ አባቴ እየሮጡ «በስመ አብ!» ሲሉ ይሰማል። ምንም አልተሰማም።

ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም።

ከሽምብራው ማሳ ዳር፣ ቁጥቋጦው ሥር፣ መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጠመንጃው ጭናቸው ላይ ነው። ቀና ብለው ሲያዩኝ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

«አትቅረቢኝ!» አሉ። «እዚያው ቁሚ! አንዱ አልተተኮሰም። ቃታው እንደተሳበ ነው።»

ከአሥር እርምጃ ላይ ቆምኩ። የቀኙ አፈሙዝ ጫፉ አካባቢ እንቁራሪት እንደዋጠ እባብ አብጧል። ሁለቱን አፈሙዞች የሚያጣብቀው ብየዳም ተላቆ፣ ጫፋቸው ላይ ተለያይተዋል። ጣቶቻቸውን ቆጠርኩ። አምስት። አምስት። ዓይናቸውን አየሁ። ሁለቱም ያዩኛል።

«ተመተዋል?»

«ጆሮዬ ይጮኻል። ግራ እጄ ደንዝዟል። ሌላ ምንም የለም። ጥይቱን ላወጣ ከወገቡ ብከፍተው ይተኮስ ይሆን ብዬ እፈራለሁ። ልተወው ብልም እፈራለሁ።» አባቴ «እፈራለሁ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ሉማሜ ካሉት ሽማግሌ ዘንድ ነው የመጣሁት፤ ብረቱ ለዚህ ጠመንጃ አይሆንም ብለዋል።»

«አሁን ነው የነገርሽኝ?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲያው ድካም ብቻ።

«አፉን ወደዚያ ያዙሩት። ወደ ገደሉ። ቀስ ብለው።»

አዞሩት። በአውራ ጣታቸው የግራውን ቃታ ይዘው ቀስ እያሉ ወደ ቦታው መለሱት። ቃታው ተቀመጠ። ጠመንጃውን ከወገቡ ሰብረው ከፈቱት፤ አረንጓዴዋን ጥይት በሁለት ጣት መዝዘው እንደ ጊንጥ ራቅ አድርገው መሬት ላይ አኖሯት።

እኔ ያን ጊዜ እንደቆምኩ ተዝለፈለፍኩ። እሳቸው ናቸው ሮጠው የያዙኝ። ሣሩ ላይ ተቀምጠን ተያይዘን ቆየን። ቆቁ ጥቂት ራቅ ብሎ ሳይታረድ ሞቷል፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

«ልጁ?» አሉ።

እጃቸውን ይዤ ሆዴ ላይ አደረግሁት። ብዙ ጠበቅን። በመጨረሻ አንዴ ሲራገጥ አባቴ እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን ሰበሰቡት፤ ከዚያ መልሰው አስቀመጡት።

በሰኔ ወንድሜ ጠመንጃውን ከነፈቃዱ ይዞ አባቴን ሉማሜ ወሰዳቸው። ሽማግሌው ያበጠውን ጫፍ ቆርጠው ጣሉት፤ የተላቀቀውን አስበየዱት፤ የብረቱንም ውፍረት ለኩ። «አሁን አፉ አይጠብም፤ ግን ግድግዳው ሳስቷል። የብረት ፍሬ እንዳይነካው» አሏቸው። «ቢስመዝ የሚባል ፍሬ አለ። እንደ እርሳስ ለስላሳ ነው፤ መርዙ ግን የለበትም። ለእንዲህ ያለ ሽማግሌ ጠመንጃ የሚሆነው እሱ ነው። እስኪገኝ ይታገሡ።» አባቴ ከሁለት ዓመት በላይ ታገሡ። ቆቅ ሽምብራቸውን ሲጭር ድንጋይ እየወረወሩ ያባርሩ ነበር።

በሐምሌ ሴት ልጅ ወለድኩ። ሲያስታቅፉኝ ደስታ አልነበረም መጀመሪያ የመጣልኝ፤ ዓይኗ ዓይኔን ይከተል እንደሆነ ማየት ነው የፈለግሁት። ደሟ ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ አንድ ወር ከምናምን ጠበቅን። «ዝቅተኛ ነው» ብለው በስልክ ሲነግሩኝ፣ «እርግጠኛ ናችሁ?» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ። ሰውዬው በመጨረሻ ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላም ለመቀመጥ አንድ ሳምንት ብትዘገይ፣ አንድ ቃል ለመናገር ብትቆይ፣ ያቺ «አለ» የምትል ድምፅ ትመለሳለች። ልጄ አሁን ከእኩዮቿ ሁሉ ለፍላፊ ናት፤ ፍርሃቴ ግን ይህን አይሰማም።

ቆጥ ላይ የሰቀልነውን የእርሳስ ጥይት ወንድሜ ለፖሊስ ጣቢያ አስረከበው። አባቴ ለፍሬ አቅልጠው ያስቀመጡትን የእርሳስ ጥፍጥፍስ ምን እናድርገው? አባቴ ልቅበረው አሉ፤ ከዚያ ከታች ያለውን የመጠጥ ውሃ ምንጭ አሰቡና ተዉት። በመጨረሻ በቆርቆሮ ጣሳ ከትተው፣ ሲሚንቶ አፍስሰውበት፣ ግንበኛ ጠርተው በቤቱ መሠረት ሥር አስገነቡት።

ልጄ ሁለት ዓመት ሲሆናት አባቴን ልንጠይቅ ሄድን። ሽምብራው ማሳ ውስጥ ቁጭ ብላ አፈር ስትዝቅ፣ እሳቸው ከበሩ ላይ ሆነው አዩዋት። ዶሮዎቹ ዙሪያዋን ይጭራሉ። አባቴ ትክ ብለው ማሳውን ያዩ ነበር። ምን እንዳሰቡ ገባኝ፤ እኔም ያንኑ አሰብኩ።

«እዚህ መሬት ላይ ስንት ዓመት ተኩሻለሁ?» አሉ ቀስ ብለው። «ከኔ በፊት ደግሞ አባቴ። የተበተነው ሁሉ የት ሄደ? እዚሁ ነው እኮ።»

ወደ ማሳው ወረዱና ልጄን ብድግ አደረጓት። እምቢ ብላ ብትራገጥም በረንዳው ላይ አስቀምጠው፣ ውሃ በጆግ እያፈሰሱ፣ ትንንሽ ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ ጥፍሯ ሥር ያለውን ሳይቀር በሳሙና አሿት። ውሃው ጠርቶ መውረድ ከጀመረ በኋላም ማፍሰሳቸውን አላቆሙም።